ጋሽ አጭሩ ሙዚየም ሲገቡ

በዓለም ላይ ስብሰባ በሚካሄድበት አዳራሽ ሁሉ፣ ሰዓቱ አልቆ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…» ሲል እጁን የሚያነሣ አንድ ሰው አለ። ሕዝቡ ቁልፉን ጨብጧል። ግማሹ ከወንበሩ ተነሥቶ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ድስት ጥዶ የመጣም አይጠፋም። ሰውየው ግን ጉሮሮውን ይጠርግና «አንድ አጭር ጥያቄ አለችኝ» ይላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሰው መናገር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አጭር የሆነች አጭር ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም።

በእኛ ሕንፃ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት የአራተኛው ፎቅ ጡረተኛ ናቸው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ነገር ግን ከሕንፃው ልጆች እስከ ዘበኛው ድረስ «ጋሽ አጭሩ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ይህ ስለ ጥያቄያቸው እንጂ ስለ ቁመታቸው አይደለም። በቁመታቸውማ የማንንም በር ጎንበስ ሳይሉ አልፈው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየሰው ግቢ እየገቡ፣ የብረት ክዳን እያነሡ፣ ተንበርክከው ጉድጓድ ውስጥ በእጅ ባትሪ ሲያዩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቆጣሪ ደግሞ ቁጥር ይነግርሃል እንጂ ሌላ ነገር ብትጠይቀው አይመልስም። እንደሚመስለኝ የሠላሳ አንድ ዓመት ጥያቄ እዚያ ተጠራቅሞ ነው በኋላ እኛ ላይ የፈሰሰው።

እኔ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ በጋሽ አጭሩ የተበደለ ሰው ይቆጠር ቢባል ከእኔ በፊት የሚቀመጥ የለም። የክቡርነታቸው ጥያቄ ሁልጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ መግቢያ፣ ዋናው ጥያቄ፣ ከዚያም «ከዚሁ ጋር ተያይዞ» የምትባል ጭራ። በመጀመሪያው ዓመት ቃል በቃል እጽፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እጄ ሲዝል ብልሃት አገኘሁ፤ «አንድ ነዋሪ አጭር ጥያቄ አቅርበው መልስ ተሰጥቷቸዋል» ብዬ መዝገቡን እዘጋለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስምንት ዓመት ጽፌያታለሁ።

አንድ ጊዜ የደረጃው አምፖል ተቃጠለ። አጀንዳው «አምፖል ይገዛ» የሚል ነበር፤ ሁላችንም ይገዛ ብለን ጨርሰን ተነሣን። ጋሽ አጭሩ እጃቸውን አነሡ። «አጭር ናት። አምፖሉ የተቃጠለው በርቶ ሳለ ነው ወይስ ሊበራ ሲል?» ማንም አላየም። ማንም አለማየቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወለደ። ጨለማ ሲሆን፣ ያን ጨለማ ደረጃ በሰልፍ እየዳበስን ወደየቤታችን ወጣን።

ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄጄ አውቃለሁ። ሐኪሙ ለጉልበታቸው ክኒን አዘዘላቸው። «ጠዋትና ማታ ይውሰዱ» አላቸው። በሩ ላይ አርባ ሰው ተሰልፏል። «ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ አጭር ጥያቄ» አሉት። «ክኒኑን የምውጠው በአፌ ነው። ጉልበቴ ደግሞ እታች ነው ያለው። የሚያመኝ የቀኙ መሆኑን በምን ያውቃል?» ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፣ በመጨረሻም ወረቀት ስቦ ሥዕል ይሥልላቸው ጀመር። ያ ሥዕል ዛሬ በመስታወት ተከቦ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

ከሁሉ የባሰው ግን የእህቴ ልጅ ጋብቻ የተፈረመ ዕለት የሆነው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሙሽሮቹን አቁሞ «ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አጭሩ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አነሡ። የሙሽራው ፊት አመድ መሰለ፤ እህቴ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀችው። «የለም የለም፣ ተቃውሞስ የለኝም» አሉ ጋሽ አጭሩ። «እንዴት እንደተዋወቁ ማንም ስላልነገረን፣ አጋጣሚውን ላግኝ ብዬ ነው።» ሹሙ ምን ያድርግ፣ አስቀምጦ አስነገረን። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ያምር ነበር። ግን ያን ጊዜ ይህን ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

እንግዲህ የእኚህን ሰው ጠባይ ይዛችሁ ወደ ልጄ ነገር ተከተሉኝ።

ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ኪሷ ድንጋይ ጠፍቶበት አያውቅም። ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በድንጋይ ገድላብኛለች። አድጋ የምድርንና የጥንት ነገርን ተማረች፤ በከተማችን ዳር ባለው የተፈጥሮ ታሪክና የጥንት ቁሳቁስ ሙዚየም አስጎብኚ እንድትሆን ለሦስት ወር ሙከራ ተቀበሏት። ሦስት ወር ሙሉ ከሥር ቤቱ መጋዘን ተቀምጣ የሸክላ ስባሪ በጥርስ ብሩሽ ስታጥብ ከረመች፤ ማታ ስትመጣ አፈር አፈር ትሸታለች፣ ፊቷ ግን ይበራል። የሙከራው መጨረሻ ፈተና ነው። አንድ ቡድን ይዛ ከበር እስከ በር ታስጎበኛለች፤ ገምጋሚዋ ቅጽ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ካለፈች ቋሚ ሠራተኛ፣ ከወደቀች ደኅና ሁኚ ነው። ከእሷ በፊት የተሞከረው ልጅ ደኅና ሁን ተብሏል።

ሙዚየሙ ሰው ስለማይበዛበት ተፈታኙ ቡድኑን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ጉዳዩን ለኮሚቴያችን አቀረብኩ፤ ሕንፃው በሙሉ እንሂድ አለ። ሃያ ስምንት ሰው ተመዘገበ። የመጀመሪያው ፈራሚ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም።

ልጄ ዐሥራ ሁለት ገጽ ንግግር ጻፈችና ትሸመድድ ጀመር። ለማቀዝቀዣው አነበነበችለት፣ ለመስተዋቱ አነበነበችለት፣ ለእኔ አነበነበችልኝ። በሁለተኛው ሳምንት እኔም ከእንቅልፌ ስነቃ «በቀኝ በኩል የምትመለከቱት…» እያልኩ ነበር። አንድ ማታ ወረቀቱን አስቀምጣ «እማዬ፣ ከመሐል ካቋረጡኝ ይጠፋብኛል። አውቀዋለሁ፣ ይጠፋብኛል» አለችኝ። እጅጌዋንም ጣቷ ላይ ጎተተች። ልጅ ሆና ልታለቅስ ስትል የምታደርጋት ናት።

ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ። በማግስቱ በር ለበር ዞርኩ። «ቅዳሜ ጥያቄ የለም። የምትነግራችሁን ሰምታችሁ፣ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ፣ አጨብጭባችሁ መውጣት ነው» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። የቀረኝ አራተኛው ፎቅ ነበር፤ እዚያ የወጣሁት በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጄ ፈተና አለባት» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው፣ እኔ እኮ በደስታ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ቀኔ። ዐሥራ አራት ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ።»

«የመጣሁት ለእሱ ነው። እንዳይጠይቁ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«አጭር ብትሆንም?»

«በተለይ አጭር ከሆነች።»

የበሩን እጀታ ይዘው ቆዩ። ምክንያቱ ሳይገባው የተጎዳ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አየሁ። ቶሎ ብዬ ውል አቀረብኩ። «ቅዳሜን ዝም ካሉልኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የፈለጉትን ያህል ይጠይቁ። ማንም አያቋርጥዎትም። እኔም የሚሉትን ሁሉ ቃል በቃል እጽፋለሁ።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል።»

«እስከ ዛሬስ ቃል በቃል አልነበረም እንዴ የምትጽፊው?»

ይህችን ሳልመልስ ሳል ያዘኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጥን። «ለልጅሽ ስል ነው» አሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ አጭሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ የቆጣሪ ባትሪያቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው ከሁላችንም ቀድመው አውቶቡሱ በር ላይ ተገኙ። ሙዚየሙ ደርሰን ልንወርድ ስንል አንድ ከረሜላ በእጃቸው አስያዝኳቸው። «አፍዎ እንዲያዝ» አልኳቸው። ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙዚየሙ ሁለት ፎቅ ነው። ከታች የተፈጥሮው ክፍል፤ አንድ ዓይኑ ከሌላው የሚበልጥ፣ ሆዱ ጭድ የተሞላ ነብር በሩ ላይ ይቀበላችኋል። ከጎኑ የዛሬ ዝሆኖች የሩቅ ዘመድ መንጋጋ አለ፤ አንዱ ጥርስ ብቻ የጫማ ሣጥን ያህላል። በመሳቢያ መሳቢያ የተደረደረ ጥንዚዛ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ እንደ ዘይት የሚያብረቀርቀው። ቀጥሎ ድንጋዮች፤ ቅጠል የታተመበት፣ የዓሣ አጥንት የታተመበት፣ ዝናብ የዘነበበት ጭቃ ደንድኖ ነጠብጣቡ የቀረበት። እኔ ራሴ ዐይቼው የማላውቅ ሰው ሆኜ ከዚህኛው ወደዚያኛው ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ አጭሩማ አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው በየደረሱበት ክብ ላብ እየተዉ ይሄዳሉ። አጠገባቸው ስደርስ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጭምድድ አድርገው ይዘዋል። ቀኙ በራሱ ጊዜ እንዳይነሣ ነው።

ልጄ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ጀመረች። አንደኛው ገጽ ውኃ ሆኖ ፈሰሰ። ሁለተኛውም። ገምጋሚዋ አጭር ጸጉር ያላቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ልጄ ከጥንዚዛዎቹ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለችና «እዚህ ላይ ጥያቄ ያላችሁ?» አለች።

ሃያ ስምንት ሰው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን አፍጥጬ ያዝኳቸው። ማንም አልተነፈሰም። ገምጋሚዋ ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ሊቀመንበራችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እንዲህ ያለ ጨዋ ቡድን ገጥሟቸው አያውቅም» አሉኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ የሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ሰፊ ስልክ ጮኸ። የያዘውን ዘፈን አንድ ስንኝ ሙሉ ከዘፈነ በኋላ ነው የተዘጋው። ልጄ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ «ድንጋዩ የተገኘው… ድንጋዩ የተገኘው…» እላታለሁ፤ አላየችኝም። ግማሽ ገጽ ዘለለች። ከዚያ ሙሉ ገጽ። በየክፍሉ መጨረሻ «ጥያቄ ያላችሁ?» ትላለች፤ ድምፅዋ በየክፍሉ ይቀንሳል። እኛም በየክፍሉ በጨዋነት ዝም እንላለን። ገምጋሚዋም በየክፍሉ ይጽፋሉ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ጉብኝት በሃያ ደቂቃ ፎቅ ላይ አደረሰን። ደረጃውን ስንወጣ ልጄ እጅጌዋን ጣቷ ላይ ጎተተች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው፤ እኔ የፈራሁት ግን በዚህ በኩል ይመጣል ብዬ አልነበረም።

ፎቁ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው ነገር ያለበት ነው። የድንጋይ ስለት፣ የአጥንት መርፌ፣ ዶቃ፣ በመሐል ደግሞ ለብቻው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመ አንድ ማሰሮ። ከስባሪ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ስፌቱ ሁሉ ይታያል። ልጄ ከፊቱ ቆመች። ሰባተኛው ገጽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን መስመርም አውቀዋለሁ።

«ይህ…» አለች። «ይህ ማሰሮ ነው።»

ከዚያ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ገምጋሚዋ እስክሪብቷቸውን ወደ ቅጹ መጨረሻ መስመር አወረዱ። ልጄን እጇን ይዤ ወደ ቤት ልወስዳት፣ ድንጋይዋን እንደ ድሮው በኪሷ እንድትይዝ ልነግራት ፈለግኩ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ከሰዎቹ መሐል ዝቅ ሲል አየሁ። ጋሽ አጭሩ ናቸው። ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው በሁለት ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ሣጥኑን ከሥር ወደ ላይ በባትሪያቸው ያበራሉ። ጥበቃው ሊከለክላቸው ሲራመድ ገምጋሚዋ በእጃቸው አቆሙት። ጋሽ አጭሩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ፈለጉኝና ዓይን ለዓይን ተያየን። ይቅርታ የሚጠይቅ አስተያየት ነበር። ረጅሙ እጃቸው ከተንበረከኩበት ተነሣ።

«ልጄ» አሉ። «አንድ አጭር ጥያቄ አለችኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይህን ማሰሮ የሠራው ሰው፣ ሲሠራው ቸኩሎ ነበር እንዴ?»

መግቢያ የለውም። «ከዚሁ ጋር ተያይዞ» የለውም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ አፏን በእጇ ይዛለች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» አለች።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ። በዚህ በጆሮው ሥር አውራ ጣት ገብታለች። ሳይለሰልስ ነው የቀረው። ጊዜ ያለው ሰው እንዲያ ጥሎ አይሄድም ብዬ ነው።»

ልጄም እጅጌዋን ለቀቀች። አጠገባቸው መሬት ላይ ተንበረከከች። «ይህን ማሰሮ ሦስት ሳምንት በጥርስ ብሩሽ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሃምሳ ሁለት ስባሪ ነበር። አዎ፣ የቸኮለ ይመስለኛል። እዩት፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ዝቅ ይላል። ውጭውን አለስልሶታል፤ ውስጡን ግን በጣቱ ጠርጎ ነው የተወው፣ እጄን ስሰድበት የጣቶቹ ቦይ ይሰማኝ ነበር። ምናልባት ዝናብ እየመጣ ነበር። ወይ ልጅ እያለቀሰች። እርግጠኛውን ማንም አያውቅም። ግን አሻራዋ ትንሽ ናት፤ የእኔን አውራ ጣት ታህላለች። ሴት ትሆናለች ብዬ አስባለሁ።»

አውራ ጣቷን ወደ መስተዋቱ አስጠጋች። ጋሽ አጭሩ ባትሪያቸውን ያዙላት። ሁላችንም ተጠጋን። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የቆየች የአንዲት ጣት ምልክት ከልጄ ጣት ጎን ለጎን ታየች፤ ልኳ ነች። አንድ ሰው ከኋላ «ወይ ጉድ» አለ በዝግታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ቃለ ጉባኤ አይችለውም። ልብስ ሰፊው ስልኩ ያጠፋውን ጥፋት ረስቶ ወደ አጥንት መርፌዋ ሮጠ። «የኔ እህት፣ ይህችን ቀዳዳ በምን በሷት?» አለ። ልጄ ባዶ እጇን እያሽከረከረች አሳየችው። ሊቀመንበራችን ያን ጊዜም ስብሰባ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። «በእሳት ዙሪያ የተደረደረ የመቀመጫ ድንጋይ ተገኝቷል» አለቻቸው፤ «በሰዓቱ ተበትነው እንደሆን ግን አናውቅም።» ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሰው እጁን ያነሣል፣ ሳይፈቀድለት ይጠይቃል፣ ጎረቤቱ ይመልስለታል፣ ልጄ ታርመዋለች። ዐሥራ ሁለቱን ገጽ ማንም አልፈለጋቸውም። «ታች ያለውንም እንደገና እንየው» አለ አንዱ፤ ወረድን። ዝናብ የነካው ድንጋይ ላይ የትኛው ነጠብጣብ መጀመሪያ እንደወደቀ ተከራከርን። ነብሩን አንድ ዓይኑ ለምን እንደሚበልጥ ጠየቅናት፤ ዓይን የገጠመለት ሰው ሌላ መጠን ስላጣ መሆኑን ነገረችን። ጋሽ አጭሩ ዐሥራ አራቱንም ጨረሱ። እያንዳንዷም ጭራ ነበራት።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል ጥበቃው እየለመነ አስወጣን። በሩ ላይ ገምጋሚዋ ያዙኝ።

«ይህን ቡድን ያመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«መጀመሪያ ላይ ምን ሆነው ነው? የታመሙ መስለውኝ ነበር።» ቅጹን አሳዩኝ። አራተኛው መስመር ላይ «ጎብኚዎች ያቀረቡት ጥያቄ ብዛት» ይላል፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ከአምስት ካነሰ ተፈታኙ አያልፍም» የሚል አለ። በየክፍሉ ሲጽፉ የነበረው ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። «የሸመደደ ሰው ሞልቷል» አሉኝ። «እኛ የምንፈልገው ሰውን የሚያስጠይቅ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሰሮው ጋ ስንደርስ ቅጹን ልዘጋው ነበር። እኚያ ረጅም ሰውዬ ናቸው ያስቆሙኝ።» ከዜሮዎቹ በኋላ ጭረት በጭረት ተደርድሯል፤ ቦታው አልበቃ ብሎ ወደ ጀርባው ዞሯል። ስልሳ አንድ ጥያቄ። ከላይ «አልፋለች» ተብሎ ተፈርሟል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን በር ለበር እየዞርኩ ዝም ባስባልኩት ሕዝብ የገዛ ልጄን ልጥል እንደነበር ሳስብ፣ እዚያው በቆምኩበት ነቀዝኩ። ለገምጋሚዋ አልነገርኳቸውም። ለልጄም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አሁን ስታነብ ታውቀዋለች።

አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ አጭሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ምን እንደምላቸው ሳስብ ቀድመው ኪሳቸው ገቡና ከረሜላዬን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ወረቀቱ እንኳ አልተነካም።

«አልበላኋትም» አሉ። «አፌ ከተያዘ፣ ልጅቷ ቢቸግራት ማን ይጠይቅላታል ብዬ ነው። ውላችንን ግን አፍርሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ አሉኝ፣ እኔን። አንገቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቤታችን እስክንደርስ ዛፍ ስቆጥር ሄድኩ።

የሚቀጥለው ስብሰባ የጣሪያው ውኃ መውረጃ ጉዳይ ነበር። ተወያየን፤ ተስማማን። ሊቀመንበራችን «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…» አሉና፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ወንበር አይተው ትንፋሻቸውን ያዙ። ሰው ሁሉ ቁልፉን እንደጨበጠ ጠበቀ። ጋሽ አጭሩ ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። ውል ያፈረሰ ሰው የውሉን ጥቅም አይጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ናቸው። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባችን በሰዓቱ ሊያልቅ ነው። በልቤ ስጸልይበት የኖርኩት ቀን ደርሶ ሳየው አዳራሹ ጭር አለብኝ።

እጄን አነሣሁ።

«ምነው ጸሐፊዋ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አንድ አጭር ጥያቄ አለችኝ» አልኩ። «ጋሼ ዛሬ የሚጠይቁት የላቸውም ወይ?»

ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አጭሩ ቀስ ብለው ተነሡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «አጭር ናት» አሉ። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ድስት የጣዱትም ተቀመጡ። እኔ አዲስ ገጽ ገለጥኩና በላይኛው መስመር እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም፣ ሙሉውን፣ ጻፍኩ። ከዚያ መግቢያውን፣ ዋናውን ጥያቄና ጭራውን አንዲት ቃል ሳላጎድል ጻፍኩ፤ አራት ገጽ ሆነ።